ቤንዚን ባለመግዛት ቤንዚን ይረክሳልን?

 

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂዶቻችን ግቢ ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። «ሁላችንም ቀን ቆርጠን ከማደያ ብንቀር፣ አንድ ሊትር እንኳ ባንቀዳ፣ ዋጋው ሳይወድ በግዱ ይወርዳል» ይባላል። ሐሳቡን ከሚያነሱት መካከል የባጃጅና የሚኒባስ ሹፌር ወንድሞቻችን አሉበት። ምሬታቸውም ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ከ35 ብር በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም 100 ብርን አልፏል። ቤንዚኑ ሲጨምር የቲማቲሙም የሽንኩርቱም ዋጋ አብሮ እንደሚጨምር ወደ ገበያ የምትወጣ እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

ሐሳቡን በዝምታ አናልፈውም። መንፈግ የሰላማዊ ትግል አንዱ መሣሪያ መሆኑን ይህ ማኅበረሰብ ኖሮበታል። በመስከረም 2005 ዓ.ም የመጅሊስ ምርጫ ከመስጂድ ወጥቶ በቀበሌ ሲካሄድ ብዙ ሙስሊም ድምፁን ነፍጎ ቤቱ ተቀመጠ። ያኔ የነፈግነው ነገር በእጃችን የነበረ፣ ከእኛ በቀር ማንም ሊሰጠው የማይችል፣ ብንነፍገውም የማንንም እንጀራ የማይነካ ነገር ነበር። ቤንዚንስ እንደዚያ ነው ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

ለሐሳቡ ማስረጃ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የኢብራሂም ኢብኑ አድሀም (ረሂመሁላህ) ታሪክ ነው። ሰዎች ሥጋ ተወደደብን ብለው ስሞታ ቢያቀርቡላቸው፣ መግዛቱን ተዉትና ይረክስላችኋል ብለው እንደመለሱ ይወራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ስለ ሥጋ የተሰጠ ምክር ነው። ሥጋ የተወ ሰው ሽሮ ይበላል። ሥጋው ደግሞ ተሰቅሎ ከዋለና ካደረ ይበላሻል፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ይህን እያሰበ እንቅልፍ አይወስደውም። ዋጋውን የቆረጠው ራሱ ስለሆነም ሲጨንቀው ራሱ ያወርደዋል። ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ማደያው እንሂድና እንመልከት።

ቤንዚን ስላልተሸጠ አይሸትም። ከመሬት በታች ባለው ታንከር ውስጥ ለነገ ይቀመጣል። ሰኞ ያልቀዳ ባጃጅ ማክሰኞ ይቀዳል፤ ጠንቃቃው ደግሞ እሑድ ማታ ሞልቶ ያድራል። ሳምንቱ ሲዘጋ የማደያው ሂሳብ ያው ነው። አሜሪካውያን ይህንኑ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1999 ሞክረውት ነበር። በዚያ ቀን ማንም ቤንዚን እንዳይገዛ የሚል መልእክት በኢሜይል ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት ከረመ። ቀኑ መጣ፣ አለፈ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ 12 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ ዓመቱ ሲያልቅ ከ25 ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር ኦፔክ በመጋቢት ወር ምርቱን ለመቀነስ ተስማምቶ ነበር። ዋጋውን የያዘው እጅ ሌላ ቦታ ነበር፤ የአንድ ቀን ቁጣ እዚያ አልደረሰም።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ኖክም ይሁን ቶታል ወይም ሌላ፣ በአንድ ከተማ ያለ ማደያ ሁሉ የሚሸጠው መንግሥት በቆረጠው በአንድ ዋጋ ነው። አንዱን ትተን ወደ ሌላው ብንሄድ በመካከላቸው የዋጋ ፉክክር የለምና የምንቀጣው ድርጅት የለም። ነዳጁን ከውጭ ገዝቶ ሲያስገባ የኖረውም የመንግሥት ድርጅት ነው። ዋጋው የወጣበት ምክንያት በግልጽ የታወቀ ነው። ከ2014 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ እንዲነሳ ተደረገ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ነዳጅ በዶላር ይገዛል። ታዲያ ዶላር ያጠረው መንግሥት እኛ ነዳጅ አልገዛንም ብንለው ምን ይሰማዋል? ቅጣት መስሎት ይደነግጣል ብለን አናምንም። እፎይ ቢል ነው።

የምዕራቡንና የራሳችንን ካየን፣ ከሙስሊም አገር የመጣውን ምሳሌ ሰፋ አድርገን ማየት ይኖርብናል፤ ከሁሉም የሚያስተምረው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2018 የሞሮኮ ሕዝብ ሦስት ነገር አልገዛም አለ፦ የሴንትራል ዳኖንን ወተት፣ የሲዲ አሊን የታሸገ ውኃና የአፍሪኪያ ማደያዎችን ነዳጅ። መሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ጥሪው የተላለፈው በፌስቡክ ነበር። የአፍሪኪያ ባለቤት አዚዝ አኸኑሽ በወቅቱ የግብርና ሚኒስትር ነበሩ፤ ሕዝቡ ኩባንያውን የመረጠበት ምክንያትም ለማንም ግልጽ ነበር። ስለ ወተቱ «ኸሊህ ይሪብ» የሚል መፈክር ወጣ፤ ተዉት ይርጋ እንደማለት ነው።

ወተቱ ረጋ። ኩባንያው ከሰረ፤ የፈረንሳዩ ዋና ኃላፊ ራሳቸው ሞሮኮ ድረስ መጥተው ሸማች ሲያነጋግሩ ታዩ፤ በመስከረም ወርም የወተቱ ዋጋ ቀነሰ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ አናሳንሰውም። ነዳጁስ? ከአፍሪኪያ የቀረው ሹፌር ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሌላ ማደያ ገባ። ያኛውም የሚሸጠው በተቀራራቢ ዋጋ ነበር። የሞሮኮ መንግሥት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅን ዋጋ መቁረጥ ትቶ ለኩባንያዎቹ ለቅቆ ነበር፤ ብቸኛው የድፍድፍ ማጣሪያም በዚያው ዓመት ሥራ አቁሞ ነበር። ኩባንያዎቹም ጥቂት ናቸው፣ ይተዋወቃሉ። አኸኑሽም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ምርጫ አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የነዳጅ ኩባንያዎቹን ገንዘብ ያስከፈለው የአገሪቱ የውድድር ምክር ቤት ነው። በ2023 ዘጠኝ ኩባንያዎች ጉዳዩን በስምምነት ለመዝጋት 1 ነጥብ 84 ቢሊዮን ድርሃም እንዲከፍሉ ሆነ። ከተከለከለው ግዢ ይልቅ ሥራ የሠራው ዓመታት የፈጀው ክርክርና የሂሳብ ምርመራው ነበር። የሕዝቡ ቁጣ ጉዳዩ እንዳይረሳ አድርጓል እንበል፤ ያን ያህል ዋጋ እንሰጠዋለን።

ከሞሮኮው ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ክፍል አለ። ዳኖን ሽያጩ ሲወድቅ ከገበሬዎች የሚገዛውን ወተት በ30 በመቶ ቀነሰ። ወተት ያቀርቡለት የነበሩት ገበሬዎች ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሁለትና ሦስት ላም ያላቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጊዜያዊ ሠራተኞችም ተሰናበቱ። ፓሪስ ያለው ባለ አክሲዮን የተጎዳው በወረቀት ላይ ነው፤ ገበሬው የተጎዳው በምድጃው ላይ ነው።

ይህ ወደ ደጃችን ይመልሰናል። በአንድ ቀን የቤንዚን ማቆም ማን ይጾማል? ባለ መርሴዲሱ አይጾምም። እንዲያውም ነዳጅ መተው የቻለ ሰው ቀድሞ ትቶታል፤ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገንዘብ ያለው ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ቤቱ ቻርጅ ያደርጋል። ሰልፍ ላይ የቀረው ባለ ባጃጁ ነው። እሱ ደግሞ የቀን ገቢውን ለባለቤቱ የሚያስገባ፣ ከተረፈው ለልጆቹ ዳቦ ይዞ የሚገባ ሰው ነው። አንድ ቀን ቁም ብንለው የእሱን ቀን ማን ይከፍለዋል? ወደ አገራችን ከሚገባው ነዳጅ ትልቁ ድርሻ ናፍጣ መሆኑንም አንርሳ። ናፍጣ ማለት ጤፍ የጫነ አይሱዙ፣ የገጠር አውቶቡስ፣ የመስኖ ፓምፕ ማለት ነው። እሱን አቁሙ የሚል ሰው ካለ መርካቶ ሄዶ ይንገራቸው።

የሱማማ ኢብኑ ኡሳልን (ረ.ዐ) ታሪክ ደረሶቻችን በሲራ ትምህርት ላይ ይማሩታል። የየማማው አለቃ ከሰለሙ በኋላ ወደ መካ የሚሄደውን እህል አቋረጡ። ቁረይሾች ችግሩ ሲጠናባቸው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናን እያነሱ ላኩ፤ እሳቸውም እህሉ እንዲለቀቅ አዘዙ። እነዚያ ቁረይሾች በኒ ሃሺምን በሸለቆ ውስጥ ሦስት ዓመት ያስራቡ ሰዎች ነበሩ። መንፈግ ይፈቀዳል፤ ግን ሲነፈግ የሚራበው ማን እንደሆነ በየጊዜው ይታያል። ትምህርቱን እኛ የምንወስደው እንዲህ ነው።

ዋጋው በመቅረት የሚወድቀው ምን ያህል ሰው ሲቀር እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. የ2020ን ሚያዝያ ያስታውስ። በኮሮና ምክንያት ዓለም ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ፣ ከዓለም የነዳጅ ፍጆታ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ሲጠፋ፣ የአሜሪካ ድፍድፍ ዋጋ ለአንድ ቀን ከዜሮ በታች ወረደ። ይህን ያህል ነው የሚያስፈልገው። የአንድ ከተማ ጀመዓ፣ የአንድ አገርም ሙስሊም ቢሆን፣ ይህን አያመጣም።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ አላልንም። መተው የሚሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ከማደያው በር ውጭ ነው። ማደያው «ጨርሰናል» ባለ በሰዓቱ፣ ሃምሳ ሜትር ራቅ ብሎ ቤንዚኑ በሃይላንድ ተሞልቶ በእጥፍ ይሸጣል። ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ በሌሊት በጀሪካን የወጣ ነው። እዚህ ላይ የኢብራሂም ኢብኑ አድሀም ምክር ልክ ይገባል፤ ዋጋውን የቆረጠው ሻጩ ራሱ ነው፣ እሳት በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ብዙ ቀን ማቆየት ይፈራል። ይህን ሲያደርጉ ከሚታዩት ውስጥ ከእኛ ጋር በአንድ ሰፍ የሚሰግዱ እንዳሉ ደብቀን አንጠቅምም። ኢህቲካር ኃጢአት መሆኑን በኹጥባ ስንናገር ጤፍ የሚያከማቸውን ነጋዴ ብቻ እያየን ነው የኖርነው። ቤንዚን የሚያከማቸውንም ስሙን ባንጠራ ሥራውን እንጥራው።

ሁለተኛው ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። በየመስጂዱ ያሉ ሹፌሮች ቦቴው ወደ ማደያው የገባበትን ቀንና ሰዓት፣ ማደያው አለቀ ያለበትን ሰዓት፣ በሰልፉ ላይ የነበረውን የተሽከርካሪ ብዛት በደብተር ይጻፉ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ክፍያው በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያዎች ስለሆነ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ማስረጃ አለው። አንድ ወር የተጻፈ ደብተር ይዞ ንግድ ቢሮ የገባ ሽማግሌ፣ መፈክር ይዞ ከወጣ ሺህ ሰው በተሻለ ይደመጣል የሚል እምነት አለን። ባይደመጥ እንኳ ጥያቄያችን መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሆኖ ይቀመጣል፦ የመጣው የት ሄደ?

የሩማን ጉድጓድም እናስታውስ። በመዲና ውኃ በገንዘብ ይሸጥ በነበረ ጊዜ ውኃ አንጠጣም ያለ ሰሃባ አልነበረም፤ ውኃ አይተውምና። ኡስማን (ረ.ዐ) ጉድጓዱን ከባለቤቱ ገዝተው ለሁሉም ወቅፍ አደረጉት። እኛ ማደያ መግዛት አንችልም። የሹፌሮች እቁብ ግን አለን፤ ቀርዱል ሐሰን የሚሰጥ ባለሀብትም በየጀመዓው አይጠፋም። አንድ ነዳጅ የማይጠጣ ኤሌክትሪክ ባጃጅ በእቁብ ቢገዛ አንድ ቤተሰብ ከሰልፉ ወጣ ማለት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ባትሪው ውድ ነው፣ ይህንንም ሳንሸፋፍን እንናገራለን። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ ጀመዓ፣ በአንድ ባጃጅ ተሞክሮ ሂሳቡ ይታይ።

ለኢማሞችና ለመስጂድ ኮሚቴዎች የምናስተላልፈው ጥያቄ አለ። «በዚህ ቀን ማንም እንዳይቀዳ» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ወጣት ቢኖር አትቆጡት፤ ግን ወረቀቱን በማይክ አታንብቡለት። ሕዝቡ ቁም ሲባል የሚቆመው አምኖን ነው። ይህ አማና ነው፤ በማይወርድ ዋጋ ላይ አንድ ጊዜ ከባከነ ለመስጂዳችን፣ ለእህቶቻችን ሒጃብ፣ ለመብታችን ስንጠራው ላይመጣ ይችላል። ወጣቱን ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥታችሁ ከሹፌሮቹ ጋር አገናኙት።