ዕድሜ ብቻውን ድምፅ አይሰጥም

በድሬዳዋ ከቀፊራ እስከ ከዚራ ስለ ምርጫ በተነሣ ቁጥር አንድ የተለመደ አባባል ይሰማል፤ «ወጣት ለውጥ ይወዳል፣ ሽማግሌ የለመደውን አይለቅም» ይባላል። አባባሉ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ስለሚነገር፣ ፊዚክስ የምናስተምር እኛም እንደ ማንኛውም ሕግ ልንፈትነው ወደድን።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ 40 ዓመት የሞላው ሰው የተወለደው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ የ9 ዓመት ልጅ፣ ደርግ በ1983 ሲወድቅ የ26 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በ2013ቱ ምርጫ 40 ዓመት የሞላው ግን በ1973 ተወልዶ፣ ደርግ ሲወድቅ ገና 10 ዓመቱ ነበር። ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ የቀረጻቸው ዘመን ግን ይለያያል።

ብረትም እንዲሁ ነው። ሁለት ብረቶች ዛሬ በአንድ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ቢቀመጡ እንኳ፣ ቀድሞ ያለፉበት መስክ ከተለያየ ማግኔትነታቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ዕድሜ ማለት ከምርጫው ዓመት የልደት ዓመት ሲቀነስ የሚገኝ ቁጥር በመሆኑም፣ የአንድ ምርጫን ውጤት ብቻ ይዞ የዕድሜን ተጽዕኖ ከትውልድ ተጽዕኖ መለየት አይቻልም።

በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ከወጡት ተማሪዎች መካከል ያኔ 20 ዓመት የሆነው፣ በ2013 ዓ.ም. የ76 ዓመት አዛውንት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በሽበቱ ብቻ «ለውጥ አይወድም» ማለት ታሪኩን መሰረዝ ነው።

ወደ ከተማችን እንመለስ። በምድር ባቡር ደመወዝ ያደገና በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ያደረሰውን እልቂት በዓይኑ ያየ ሰው አለ። በ1995 ተወልዶ በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ለመምረጥ የበቃው ወጣት ግን ጎርፉ ሲመጣ የ3 ዓመት ሕፃን ነበር። ሁለቱ ለዕጩ ተወዳዳሪ የሚያቀርቡት ጥያቄ ቢለያይ፣ አንዱን ፈሪ ሌላውን ችኩል የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

ለመምረጥ የሚያበቃው ዕድሜ ራሱ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት 21 ነበር፤ በ1987ቱ 18 ሆነ። ሕጉ ስለ ወጣቱ ያለውን ግምት አሻሽሏል፤ የእኛ ግምት ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት ወላጆቻቸውንና አያቶቻቸውን መጀመሪያ ድምፅ የሰጡት በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ፣ ያኔም ምን ተስፋ አድርገው እንደ ነበር ይጠይቁ። ታላላቆችም ወጣቱን «ገና ልጅ ነህ» ከማለታቸው በፊት ምን እያየ እንዳደገ ያዳምጡት። ድምፁ በኮሮጆው ውስጥ ከእነርሱ ድምፅ እኩል ይቆጠራልና።