የፋብሪካ ጉድለትና የሐርጌሳ ተሽከርካሪዎች

ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ ሐርጌሳን አቋርጦ እስከ ቶጎ ውጫሌ በሚዘልቀው ጎዳና፣ ይልቁንም ከጎዳናው ውጭ ባለው አሸዋና ድንጋይ፣ ሕዝቡ እጅግ የሚተማመንበት ተሽከርካሪ ላንድ ክሩዘር መሆኑ የታወቀ ነው። ወታደሩ ለቅኝት፣ ነጋዴው ለሸቀጥ የሚመርጠው ሞተሩ በበረሃ አይከዳም በሚል እምነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ እምነት በቅርብ ዓመታት ከፋብሪካው በመነጨ ችግር እየተፈተነ መምጣቱን ልናጤን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ቶዮታ በአሜሪካ የተሸጡ 102,000 ያህል ቱንድራና ሌክሰስ ኤል.ኤክስ. ተሽከርካሪዎችን ለጥገና ጠራ። ምክንያቱ ሞተሩ ሲመረት በሚገባ ሳይጠረግ የቀረ ፍርፋሪ ነበር። ፍርፋሪው የሞተሩን ዋና ዘንግ የሚሸከሙትን ብሮንዚኖች ይጎዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ኃይል ያጣል፣ በጉዞ ላይም ሊጠፋ ይችላል። በ2025 ሌሎች 127,000 ያህል ተጨመሩ። ከዚሁ ዘር የሆነ የቤንዚን ሞተር በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚሸጠው ላንድ ክሩዘር 300 ላይም ተገጥሟል። ይህ ሲባል ግን እያንዳንዱ ሞተር ጉድለት አለበት ማለት አይደለም።

ናፍጣውም ከነቀፌታ አላመለጠም። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 በሰጠው ውሳኔ፣ ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ 264,170 ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር ተሽከርካሪዎች የጭስ ማጣሪያቸው ጉድለት ያለበት ሆኖ መሸጣቸውን አረጋግጧል። ማጣሪያው በረጅም የፍጥነት ጉዞ የተጠራቀመበትን ጥቀርሻ በሚገባ ማቃጠል ይሳነው ነበር።

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ባለንብረቱ የጥሪ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ጥገናውም በነጻ ይፈጸምለታል። በሐርጌሳ ግን በቀኝ በሚነዳበት ጎዳና ላይ መሪያቸው በቀኝ የሆኑ መኪኖች መብዛታቸው እንደሚመሰክረው፣ አብዛኛው ተሽከርካሪ ለሌላ ገበያ ተሠርቶ፣ በሌላ እጅ አገልግሎ፣ በዱባይ በኩል የሚመጣ ነው። ባሕሩን ሲሻገር ጉድለቱ አብሮ ይሻገራል፤ ደብዳቤው ግን በቀድሞው ባለንብረት አድራሻ ይቀራል። ከቡርዖ ወደ ኤሪጋቦ ሲጓዝ ሞተሩ የጠፋበት ሾፌር ዘይት አልቀየርክም፣ ቆሻሻ ነዳጅ ቀዳህ ተብሎ ይወቀሳል። ፋብሪካው የሠራው ጥፋት በምስኪኑ ሾፌር ይላከካል።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። የሻንሲ ቁጥር የተሽከርካሪው መታወቂያ እንደ መሆኑ፣ ገዢ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ቁጥሩን ይዞ ያልተፈጸመ ጥሪ መኖር አለመኖሩን ከአምራቹ የኢንተርኔት መዝገብ ሊያጣራ ይችላል። የሳዑዲ ዓረቢያ ንግድ ሚኒስቴርም የጥሪዎችን ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ተሽከርካሪው ከተሸጠበት ገበያ ውጭ ነጻ ጥገና ማግኘት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ጉድለቱን ማወቅ ዋጋ ለመደራደርም ሆነ ግዢውን ለመተው ያስችላል። በጦር ክፍልም ሆነ በግል ጋራዥ የተቀየረው ዘይት ሳይመረመር ባይደፋ መልካም ነው፤ በዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከታየ ተሽከርካሪው ለረጅም ጉዞ መሰማራት የለበትም።

ከሁሉ በላይ ግን በወደብ የሚደረገው ምዝገባ የሻንሲ ቁጥርን ለቀረጥ ብቻ ከመጻፍ አልፎ ጥሪን ለማጣራት እንዲያገለግል ቢደረግ፣ የብዙ ሰው ሀብትና ሕይወት እንደሚድን እናምናለን። የምርት ስም ዝና ብቻውን ሞተርን ከጉድለት አያድንም።