አልነቃነቅ ያለችው ጥርስ

ወዳጄ ማኪያቶው ሲቀዘቅዝ እንኳ ልብ አላለም፤ ሐሳቡ የልጁ ጥርስ ላይ ነበር።

«ዐሥር ዓመቷ ነው። ከታች አንዲት የወተት መንጋጋዋ ከጎረቤቶቿ ዝቅ ብላለች። ሰምጣ ነው መሰለኝ» አለኝ።

«አልሰመጠችም፤ ባለችበት ቀርታ ነው። ሌሎቹ ከአጥንቱ ጋር እያደጉ ከፍ ሲሉ እሷ ቆመች።»

«ጥርስ ምን ይዞት ይቆማል?»

«አጥንት ነዋ! ጤነኛ ጥርስ እኮ ከአጥንቱ ጋር አልተጣበቀም። በመካከላቸው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት አለ። እዚያ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው ጥርሱን አንጠልጥለው የያዙት፤ ስናኝክ ኃይሉን የሚያለዝቡትም እነሱ ናቸው። ጅማቱ በጠፋበት ቦታ ሥሩና አጥንቱ ይገናኙና አንድ ይሆናሉ። ሐኪሞቹ አንኪሎሲስ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የታች የወተት መንጋጋዎችን ነው።»

«ታዲያ በብሬስ ትጎተት!»

«አትጎተትም። ሽቦው እሷን ማንሳት ሲያቅተው ጎረቤቶቿን ወደ ታች ይስባቸዋል። ሐኪሙ መጀመሪያ በመሣሪያው እጀታ መታ መታ ያደርጋታል፤ የተዋሐደች ከሆነች ብረት ብረት የሚል ድምፅ ትሰጣለች። ቀጥሎ ራጅ ያስነሳታል። ከሥሯ ቋሚ ጥርስ ካለ፣ ዘግይታም ቢሆን ብዙ ጊዜ ራሷ ትወድቃለች። ከሌለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጎረቤቶቿ እላይዋ ላይ መጋደም ከጀመሩም ትነቀላለች።»

«ወንድሜም እንዲህ ያለ ጥርስ ነበረው።»

«በቤተሰብ ይደጋገማል። ሳይዋሐድም የመውጣት ኃይሉን የሚያጣ ቋሚ መንጋጋ አለ፤ እሱን እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ፒቲኤች1አር ከተባለ ዘረ መል ጋር አያይዘውታል። ጥርስ ከአጥንት ጋር መዋሐዱን ግን አደጋም ያመጣዋል። የእኔን እየው።»

ከንፈሬን ገለጥ አድርጌ አሳየሁት።

«በ9 ዓመቴ ኳስ ስንጫወት የፊት ጥርሴ ከነሥሩ ወለቀ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አፈር የነካውን ጥርስ በሳሙና ፈግፍጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እኔን አዝላ ሮጠች። የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይባባል። ነገር ግን ፍግፈጋው ሥሩ ላይ የቀረውን ሕያው ጅማት ፈጀው፤ መድረቁ ደግሞ ጨረሰው። ሐኪሙ መልሶ ተከለው፣ ያዘም። የያዘው ግን ጅማቱ አልነበረም። እኔ ሳድግ እሱ 9 ዓመት ላይ ቀረ።»

«ምን ማድረግ ነበረባት?»

«ነጩን በኩል ይዞ፣ ሥሩን ሳይነኩ፣ ቆሻሻ ካለው ለጥቂት ሰከንድ በውኃ ለቅለቅ አድርጎ ወዲያው ቦታው መመለስ። ካልተቻለ ወተት ውስጥ ከትቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ። ይህ ለቋሚ ጥርስ ብቻ ነው። የወተት ጥርስ ተመልሶ አይተከልም፤ ከሥሩ የሚመጣውን ይጎዳል።»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «እኔ እኮ ‹የወተት ናት፤ ራሷ ትወድቃለች› እያልኩ ዓመት አሳለፍኩ» አለ።

ይህን ቃል ከስንት ወላጅ አፍ ሰምቻለሁ! ዝቅ ብሎ የቀረ ጥርስ አያምም፣ አያብጥም፤ ስለዚህ የሚያስታውሰው የለም።

«ቅዳሜን አትጠብቅ» አልኩት፤ «ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ውሰዳት። ራጅ ሳትነሳም ይዘሃት እንዳትመለስ።»