ዲናሞው በገናውን አይሸፍንብን

የዓለሙ አጋን በገና መኪና ውስጥ ለመስማት የሞከረ ሰው የምለውን ቶሎ ይረዳኛል። ያንን ጥልቅ፣ የሚነዝር ድምፅ ለበገና የምትሰጠው በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ ናት። ብዙ መኪኖች ውስጥ ግን ከእርሷ በላይ የሚሰማው ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር እየቀጠነ የሚወጣው የዲናሞ ፉጨት ነው።

ሥራዬ መኪና ላይ ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር መግጠም ነው። ባለመኪናዎች ሲመጡ የሚጠይቁኝ የትኛውን ስፒከር እንደሚቀይሩ ነው። እኔ ደግሞ ገንዘባችሁን ያዙና መጀመሪያ ድምፁ የሚመጣበትን መንገድ እንይ እላለሁ። ስፒከር የተሰጠውን ከማሰማት በቀር ሌላ አቅም የለውም።

ዛሬ ዳሽቦርዱ ላይ የምንገጥመው አንድሮይድ ቴፕ ኮምፒውተር ነው። ሙዚቃው በውስጡ ያለው በቁጥር መልክ ነው፤ በሲዲ ጥራት በሰከንድ 44,100 ናሙና ለእያንዳንዱ ጆሮ። ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ሳውንድ ካርዱ ነው። ቁም ነገሩ ይህ ለውጥ የት ይደረግ የሚለው ላይ ነው። ርካሹ ቴፕ እዚያው ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ከሚሞቀው ፕሮሰሰርና ከስክሪኑ ጎን ይለውጠውና ደካማውን ሞገድ በመዳብ ገመድ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይልከዋል። ቴፑ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘውን የኤሌክትሪክ መመለሻ፣ የያዘው ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ነው። ሁለቱ ማሳዎች ትንሽ እንኳ ሲለያዩ ልዩነቱ በድምፅ ገመዱ በኩል ይፈስሳል፤ የዲናሞው ሞገድም አብሮት ይገባል። ያ ፉጨት ይኸው ነው።

ድምፁ ግን ቁጥር ሆኖ እስከ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ቢሄድና እዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ቢለወጥ ነገሩ ይቀየራል። ከሁሉ የምመርጠው ኦፕቲካል ገመድን ነው። ቁጥሩን የሚያደርሰው በብርሃን ነው፤ ፕላስቲክ ስለሆነ በእርሱ በኩል የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም፣ የማሳው ልዩነትም መንገድ ያጣል። ሲዘረጋ በኃይል አይታጠፍ፣ የሚሞቅ ቦታም አይነካ። በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ሳውንድ ካርድም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የዩኤስቢ ገመድ የራሱን ማሳ ይዞ ስለሚመጣ ፉጨቱን ይዞ ሊገባ እንደሚችል ለደንበኛ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ብዙዎቹ አንድሮይዶች ደግሞ ሁሉንም ድምፅ ወደ 48,000 ናሙና ይለውጡታል። ይህ ከፉጨቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ጉዳት ነው፤ ማጫወቻው ድምፁን ሳይነካ ማሳለፍ ከቻለ ግን ቅንብሩን መቀየር አይከብድም።

የሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካዋን የኤፍኤም ማስተላለፊያ እቃወማለሁ። ቁጥር የነበረውን ድምፅ ወደ ሬዲዮ ሞገድ ለውጣ፣ ከ15,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጣ፣ አዲስ አበባ ላይ 97.1ና 102.1ን የመሳሰሉ ጣቢያዎች በሞሉት መስመር መካከል ታስገባዋለች። ብሉቱዝ ከእርሷ እጅግ ይሻላል፤ በተለመደው አሠራሩ የሚይዘው ግን ሲዲ በሰከንድ ከሚያወጣው 1,411 ኪሎቢት ሩብ እንኳ አይሞላም።

መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ቴፕ ሲሸጥ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 4×50 ዋት ነው። በ14 ቮልት ገደማ የሚሠራ፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር የሚያንቀሳቅስ የቴፕ ውስጥ አምፕሊፋየር ከ20 ዋት ብዙም ያልበለጠ ንጹሕ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ከጀርባው ድምፁን በቁጥር መልክ የሚያወጣ ኦፕቲካል ወይም ኮአክሲያል መውጫ እንዳለው ነው። ዋጋ ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ አዎ፣ ዲጂታል ድምፅ የሚቀበል አምፕሊፋየር ይወደዳል። በከንቱ የሚቀየሩት ስፒከሮች ዋጋ ግን አብሮ ይታሰብ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም፤ የዋናውን ባትሪ ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ ለ12 ቮልቱ መስመር የሚሰጠው መሣሪያ ግን የራሱ ጫጫታ አለው፤ ሞተሩ ጸጥ ስላለ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። የብዙዎቹ የድምፅ ሥርዓት ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተቆልፎ ስለሚመጣ እኛ ከኋላ ገብተን የምናስተካክለው ጥቂት ነው። ስለዚህ አስመጪዎች ሲያዝዙ ዲጂታል የድምፅ መውጫ ያለውን ሞዴል ይጠይቁ፤ መኪናው ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም።