ዓሣው ማለቁን ማን ይንገረን?

በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የሚያበሳጨኝ የምግብ መዘግየት አይደለም። መብራት ይጠፋል፣ እንጀራ አቅራቢዋ ታረፍዳለች፣ በምሳ ሰዓት ሃያ ሰው ባንዴ ይገባል፤ ይህ ሁሉ ይገባኛል። የሚያበሳጨኝ፣ ይዘገያል ብሎ በጊዜ የሚነግረኝ ሰው መጥፋቱ ነው። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ዕድሜዬን የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ ስለኖርኩ፣ የተባለውና የሆነው አልገጥም ሲለኝ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

በቅርቡ ከሐዋሳ የመጣ እንግዳ ይዘን፣ አራት ሆነን ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ጎራ አልን። የቤቱን ስም አልጠራም። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ አንዷ ባልደረባችን ጿሚ ናት። አስተናጋጁ ትሑት ልጅ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፈገግታው የማይጠፋ። ዓሣ ጉላሽ አለ? አለ። ጥብስ? አለ። ሽሮ ተጋቢኖ፣ ቅቤ ያልነካው? እሱም አለ። ወጥ ቤት ገብቶ የጠየቀው ነገር ግን የለም። እንግዳችን «እዚህ መጥታችሁ ዓሣ ታዛላችሁ?» እያለ ይስቅብናል፤ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ይፈቀድለታል።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ስንጠይቅ «መጣ» ተባልን። ትንሽ ቆይተን ስንጠይቅ «አምስት ደቂቃ»። ግማሽ ሰዓት አልፎ ሽሮው በሸክላው እየተንተከተከ ብቻውን መጣ፤ ጥብሱም ተከተለው። ዓሣው ግን የለም። እያንዳንዱ በየሳህኑ በሚበላበት አገር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ያዘዘው ሰው ላይ ብቻ በቀረ። እኛ ዘንድ ግን የአንዱ ምግብ ሲዘገይ ገበታው ሁሉ ይቆማል። «ብሉ እንጂ፣ ይበርዳል»፤ «ኧረ ይምጣላችሁና አብረን»፤ «በሞቴ ጀምሩ»፤ እንዲህ ስንባባል ሽሮው መንተክተኩን አቆመ፣ ከላዩ ቆዳ አወጣ፣ የጥብሱ ሞራ ጣባው ዳር ነጣ። ያን ጊዜ ልጁ መጣና «ይቅርታ፣ ዓሣው አልቋል» አለን። መቼ እንዳለቀ አልነገረንም። እንደ እኔ ግምት እኛ ከመግባታችን በፊት ነው።

ይባስ ብሎ ባልደረባችን የጠቀለለችውን ጉርሻ አፏ ጋ አድርሳ መለሰችው። ቅቤ ሸቷታል። ልጁን ስንጠይቀው «ትንሽ ነው የነካው» አለ። ለጿሚ ሰው ትንሽ የሚባል ቅቤ የለም። ረቡዕና ዓርብን፣ ሃምሳ አምስቱን የሁዳዴ ቀናት፣ ነቢያትን፣ ፍልሰታን የሚጾም ይህን ያህል ሰው ባለበት ከተማ፣ የጾሙን ጭልፋ ከፍስኩ ለይቶ መያዝ የቅንጦት ጉዳይ ሊሆን አይገባም። መለየት ካልተቻለም «እኛ ጋ አይለይም» ማለት ይቻላል። ሰውዬው ሌላ ቤት ይሄዳል፣ ህሊናውም ይተርፋል።

ቀጥሎ ሒሳብ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ነውና። የምግብ ዝርዝሩ ላይ ጥብሱ 600 ብር ይላል። ከታች በኩል፣ መነጽሬን ካላደረግሁ በማላየው ፊደል፣ ዋጋው ሰርቪስ ቻርጅንና ቫትን እንደማይጨምር ተጽፏል። በ600 ብር ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ 60 ብር ነው። በ660ው ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 99 ብር ይሆናል። ጥብሱ 759 ብር ገባ ማለት ነው፤ ከተጻፈው ሩብ ያህል በላይ። ከቫቱ ጋር ጠብ የለኝም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስንከፍለው ኖረናል፣ ለመንግሥት የሚገባ ገንዘብ ነው። ጠቤ ከአጻጻፉ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ የሚታየው ዋጋም ግብሩንና ሕጋዊ ክፍያውን የጨመረ ተደርጎ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ታዲያ 759 ብር ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? የሚከብደው፣ ጎረቤት 600 ብሎ እየጻፈ እኔ 759 ብል ሰው ይሸሸኛል የሚለው ፍርሃት ነው።

ሰርቪስ ቻርጁ ለእሱ ይደርሰው እንደሆነ አስተናጋጁን ቀስ ብዬ ጠየቅሁት። ፈገግ አለና ወደ ካሸሯ ዞር ብሎ አየ። መልስ አልሰጠኝም።

አንባቢዬ «ድሮ ቀረ» ልል የተነሣሁ እንዳይመስለው። እርግጥ የቀድሞው የምሳ ቤታችን ይናፍቀኛል። ካዛንቺስ ውስጥ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አብሮ ሄደ። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ ምስሩ አልቋል፤ ጎመንና ሽሮ አለ፤ በያይነቱ የሚል ሩብ ሰዓት ይታገሰኝ» ይሉ ነበር። ጤፍ ሲወደድ ከሰኞ ጀምሮ የሚጨምሩትን በእጃቸው ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል፤ ማንም አጉረምርሞ አያውቅም። ወንበሩ ግን ይወላገዳል፣ እጅ የምንታጠበው ከባልዲ በጣሳ እየቀዳን ነበር፣ ደረሰኝማ ስንጣላ ነው የምናገኘው። የሒሳብ ሠራተኛ ለሆነ ደንበኛ ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ነገር አይደለችም።

ደግሞም መስታወት በመስታወት ከሆነ ሕንጻ ሥር፣ የምግብ ዝርዝሩን በስልክ ስካን አድርጉ በሚል ቤት ውስጥ (የስካኑን ነገር ለአማቴ ማን ያስረዳልኝ!) ከእትዬ የማይተናነስ መስተንግዶ አግኝቻለሁ። ሳር ቤት አካባቢ ነው። ጥብስ ሳዝ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ የዛሬው ሥጋ ይጠነክራል፤ ጥብሱን ይተዉትና ቅቅሉን ይሞክሩ» አለችኝ። ቅቅሉ ከጥብሱ ይረክሳል። ቤቱን አክስራ እኔን አተረፈችኝ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያው ነው የምንሄደው፤ እንግዲህ ማን እንዳተረፈ እናንተው አስሉት። አለቃሽ አይቆጣም ወይ ስላት የወጥ ቤቱን መስኮት አሳየችኝ። አጠገቡ ትንሽ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ያለቀውን ምግብ አብሳዮቹ ወዲያው ይጽፉበታል፣ አስተናጋጅ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ያየዋል። አንድ ሰሌዳና ጠመኔ፣ በቃ።

የብዙው ቤት አስተናጋጅ እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። «የለም» ቢል ደንበኛ አባረርክ ተብሎ ይገሠጻል፤ «አለ» ብሎ ቢዋሽ የሚሰድበው ደንበኛው ነው፣ ደንበኛ ደግሞ ተሳድቦ ይሄዳል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ ኑሮው በቲፕ የተንጠለጠለ ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ስለዚህ ወቀሳዬ የዓርቡን ልጅ አይመለከትም፤ ባለቤቱን ነው።

እኛ ተመጋቢዎችም ብንሆን አመል አለብን። የልጅ አባት የሆነውን ሰው ጣት እያጮህን «አንተ!» ብለን እንጠራለን። ቅር ሲለን ደግሞ ለባለቤቱ ትንፍሽ ሳንል፣ ሒሳቡን ከፍለን፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለን ወጥተን ለከተማው ሁሉ እናወራለን። ባለቤቱ ያልሰማውን ምን ብሎ ያርመው?

ለምግብ ቤት ባለቤቶች የምለው ይህ ነው፦ ከደንበኛ ኪስ የሚወጣውን ሙሉ ዋጋ በትልቁ ጻፉ፤ ያለቀውን «አልቋል» ያለ አስተናጋጃችሁን አትቆጡ፤ ሰርቪስ ቻርጅ የምትሰበስቡ ከሆነ ለማን እንደሚሄድ ንገሩን። አንባቢዎች ደግሞ፣ ከማዘዛችሁ በፊት «ከነቫቱ ጠቅላላው ስንት ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ስትወጡም ደረሰኛችሁን ተቀበሉ።