ቦርሳውን የተሸከመው ሰው

የአሜሪካው ፒጂኤ ቱር የጎልፍ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ማምሻውን ያበቃል። የተጫዋቹን ቦርሳ የሚሸከመው ካዲ ወዲያው ወደ ቀጣዩ ከተማ ይነሳል፤ የአውሮፕላኑን፣ የአልጋውንና የምግቡን ወጪ የሚሸፍነው ባብዛኛው ከራሱ ኪስ ነው። ወጪ ለመቆጠብ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ የሚያድረው ብዙ ነው።

ሥራው ሸክም ብቻ አይደለም። እስከ 14 ዱላ የሚይዘውን ቦርሳ ተሸክሞ ርቀት ይለካል፣ ነፋሱን ያጠናል፣ የሜዳውን ተዳፋት ያነባል። ጎልፍ ተጫዋቹ ቤን ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1995 ለማስተርስ ውድድር ኦገስታ ሲደርስ ምቱ ተበላሽቶበት ነበር፤ አሠልጣኙ ሃርቪ ፔኒክም በዚያው ሳምንት አርፈው ቀብራቸው ላይ ተገኝቷል። ካዲው ካርል ጃክሰን ኳሷን የሚያስቀምጥበትን ቦታና የትከሻውን አዟዟር እንዲያስተካክል መከረው። ክሬንሾ አሸነፈ፤ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያለቅስ ደግፎ የያዘው ጃክሰን ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጠቅም ሰው ገቢው በልማድ ብቻ መወሰኑ ያሳስባል። ተጫዋቹ ሲያሸንፍ ለካዲው ከሽልማቱ 10 በመቶ ያህል መስጠት የተለመደ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ጎልፍ ተጫዋቹ ማት ኩቻር እ.ኤ.አ. በ2018 ሜክሲኮ ውስጥ ወደ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ ለአካባቢው ካዲ የሰጠው 5,000 ዶላር ነበር። ቁጣ ሲቀሰቀስ ይቅርታ ጠይቆ ክፍያውን ወደ 50,000 አሳደገው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ካዲዎች በሚለብሱት ሰደርያ ላይ ካለው ማስታወቂያ ድርሻ ይገባናል ብለው ቱሩን ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ሕጉ ባያስገድደውም ቱሩ ቢያንስ የጉዞ ወጪያቸውን ሊጋራ ይገባል።