«ላቦራቶሪ ውስጥ ካንሰርን ገደለ» የሚለውን ዜና እንዴት እንረዳው? ከትልቁ አንጀት ካንሰር ምርምር የምንማረው



ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ኬሞቴራፒ የጀመሩ አንድ አባት በቅርቡ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ጽሑፍ አሳዩኝ። «በእርድ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር የአንጀት ካንሰርን ገደለ» ይላል። «ዶክተር፣ ታዲያ ኬሞውን ልተወው እንዴ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ የብዙዎች ስለሆነ መልሱን እዚህ ላቅርብ።

ዜናው ውሸት ነው?

ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንም ሆነ ከጥቁር አዝሙድ የሚገኘው ታይሞኩዊኖን የአንጀት ካንሰር ህዋሶችን እድገት በላቦራቶሪ ሲገቱ ታይተዋል። ነገር ግን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ንጥረ ነገሩ በቀጥታ ህዋሱ ላይ ይጨመራል። ሰው ሲመገበው ግን ከኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ የገባውንም ጉበት ቶሎ ይለውጠዋል። ደግሞስ በሳህን ላይ በረኪናም የካንሰር ህዋስ ይገድላል። ከባዱ ጥያቄ በሰው አካል ውስጥ፣ ጤነኛውን ህዋስ ሳይጎዳ ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

የተረጋገጠ መድኃኒትም ሊከሽፍ ይችላል

ቬሙራፌኒብ የተባለው መድኃኒት ብራፍ በተባለ ዘረመል ላይ ለውጥ ላለበት ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከታማሚዎቹ በግማሽ ያህሉ ላይ ዕጢው ቀነሰ። ሥርጭት ካለው የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎች ከ10 አንዱ ገደማ ይኸው የዘረመል ለውጥ ስላለበት ተስፋው ትልቅ ነበር። ሲሞከር ግን ጥቅም ያገኙት በጣም ጥቂት ናቸው።

ለምን? መልሱ የተገኘው በላቦራቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአምስተርዳም የሚገኘው የኔዘርላንድስ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች በአንጀት ካንሰር ህዋሶች ላይ በርካታ ዘረመሎችን እያጠፉ ፈተሹ። መድኃኒቱ የብራፍን የእድገት ትእዛዝ ሲያቋርጥ፣ ህዋሱ በላዩ ላይ ባለው ኢጂኤፍአር በተባለ ተቀባይ በኩል ሌላ መንገድ ይከፍታል። አንዱን በር ሲዘጉበት በሌላው ይገባል ማለት ነው። የሜላኖማ ህዋሶች ይህ ተቀባይ እምብዛም የላቸውም።

ስለዚህ ሁለቱን በሮች በአንድነት መዝጋት ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሰፊ ጥናት፣ ቀደም ሲል ሕክምና ያልያዘላቸው ታማሚዎች ኢንኮራፌኒብና ሴቱክሲማብ አብረው ሲሰጧቸው መካከለኛው የመኖር ዕድሜ ከ5 ወር ተኩል ገደማ ወደ 8 ወር ተኩል ገደማ ከፍ አለ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ሁለቱ ከኬሞቴራፒ ጋር ተጣምረው ገና ከመጀመሪያው እንዲሰጡ በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚህ ጥናት ዕጢው የቀነሰላቸው 61 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው ሕክምና 40 በመቶ ነበሩ።

ልብ ይበሉ፦ ከሳህኑ ግኝት እስከዚህ ፈቃድ 12 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። አዲሱ ሕክምናም ኬሞውን አላስቀረም፤ አብሮት ነው የሚሰጠው።

ዜና ሲያነቡ ይጠይቁ

• የተሞከረው በህዋስ፣ በአይጥ ወይስ በሰው ላይ ነው?
• በስንት ሰው ላይ? ከምን ሕክምና ጋር ተነጻጽሮ?
• ለየትኛው ዓይነት ካንሰር? የዘረመል ምርመራ ያስፈልገዋል?

እስከዚያው ግን

ዛሬ በእጃችን ያለው ትልቁ መሣሪያ በሽታውን ቀድሞ ማግኘት ነው። የሚከተሉትን ካዩ «ኪንታሮት ነው» ብለው አይለፉት፦

• በሰገራ ላይ ደም
• ለሳምንታት የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ
• ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ወይም የደም ማነስ

ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ አስፈላጊ ከሆነ ኮሎኖስኮፒ ይታዘዝልዎታል። በአሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ ምልክት ባይኖርዎትም ከ45 ዓመት ጀምሮ ምርመራ ይመከራል።

ለእኚያ አባት የመለስኩላቸው ይህን ነው፦ «እርዱን በአልጫ ወጥዎ ይብሉ፤ የተከማቸ የእርድ እንክብል ግን ከመድኃኒትዎ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ሳይነግሩን አይውሰዱ። ኬሞውንም እንዳያቋርጡ።» በቀጣዩ ቀጠሯቸው ተገኝተዋል።